አምስተኛው ፊሽካ

የሐረር ሰው በቡና ዋጋ ይከራከራል፣ በጫት ጥራት ይጣላል፣ የትኛው በር ወደ የትኛው ሰፈር እንደሚያቀርብ ሲሟገት ይመሽበታል። በአንድ ነገር ላይ ግን ከጁገል ግንብ ውስጥም ከውጭም ያለው ሕዝብ አፉ አንድ ነበር፤ አቶ እንደሻው አያዳላም። እንደሻው የስፖርት አስተማሪ ነው። እሁድ እሁድ ደግሞ የቅርጫት ኳስ ያጫውታል፤ በከተማው የዳኝነት ወረቀት ያለውም እሱ ብቻ ነው።

የዚህ ዝና ጣዕም ምን እንደሚመስል የምታውቀው ሚስቱ በለጡ ናት። የገዛ እህቱ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ላይ ልጇን ስትድር፣ ሙሽራው ኳስ ተጫዋች ነው ብሎ አንድ ጉርሻ ሳይቀምስ ቆሞ መርቆ ተመለሰ። ልጁ ታደሰ እሱ ዘንድ ሲማር ከጓደኞቹ ሁሉ ፈጥኖ ሮጦ ከጓደኞቹ ሁሉ ያነሰ ማርክ አገኘ። ቀበሌ ስኳር ሲያድል ደግሞ እንደሻው ሰልፍ አስከባሪ ሆኖ ቆመና፣ ተራዋ የደረሰውን በለጡን ከፊት አውጥቶ ከሰልፉ ጭራ ላይ አቆማት። ስኳሩ እሷ ጋ ሳይደርስ አለቀ። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው እንጂ አለ፤ በለጡም ያን ወር ሻዩን በጨው ጠጣች።

እሱ ይህን ፍትሕ ይለዋል። እሷ ግን ሃያ ሁለት ዓመት አብራው ኖራ ትክክለኛ ስሙን ደርሳበታለች፤ ይሉኝታ ነው። እንደሻው እግዜርንም መንግሥትንም የዚህን ያህል አይፈራም። የሚፈራው አንድ ቀን አንድ የማያውቀው ሰው፣ አንድ የማያውቀው ጥግ ላይ ቆሞ፣ ለዘመዱ አደላ እንዳይለው ነው።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት የከተማው ፍጻሜ ሲደርስ ታደሰ ሃያ ዓመቱ ነበር። በዚያ ዘመን ሃያ ዓመት መሙላት የሚመረቅበት ነገር አልነበረም። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና የሚመዘግበው በዚያ ዕድሜ ያለውን ነው፤ የታደሰም ስም ዝርዝሩ ላይ ሰፍሯል። በፊተኛው ዙር ከሰፈሩ ስድስት ልጆች ወደ ሰሜን ሄደው ደብዳቤ የመጣው የአንዱ ብቻ ነው። ያውም በሌላ ሰው የእጅ ጽሑፍ።

አንዲት ቀዳዳ ግን ነበረች። ድሬዳዋ ያለ አንድ ፋብሪካ የቅርጫት ኳስ ቡድን አቋቁሞ ተጫዋች ይፈልጋል። ስማቸው ሠራተኛ፣ ደመወዛቸው የሠራተኛ፣ ሥራቸው ግን ኳስ ነው፤ ማሽን የሚያዩት እንግዳ ሲጎበኝ ነው። ፋብሪካው በሐረር ፍጻሜ ያሸነፈውን ቡድን አምስት ቋሚዎች እወስዳለሁ ብሏል። ለምርት የተሰለፈን ሰው ደግሞ ቀበሌ አይነካም። ለበለጡ ሒሳቡ ቀላል ነበር፤ ካሸነፉ ታደሰ ድሬዳዋ፣ ከተሸነፉ ታደሰ ጦር ሜዳ።

ታደሰ ለጁገል ቡድን ነው የሚጫወተው። የቡድኑ አባት ሐጂ ዓብዱላሂ ናቸው፤ ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ከበለጡ የበርበሬ መደብ አጠገብ ቅመም ይሸጣሉ፤ ልጃቸው ቡሽራም የቡድኑ አምበል ነው። ተጋጣሚያቸው የአስተዳደሩ ቡድን ሲሆን፣ የዚህ ቡድን ደጋፊም አለቃም የስፖርት ኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። እግዜር የለም ብለው እያስተማሩ የጊዮርጊስን ስም ተሸክመው የሚዞሩ ሰው ናቸው።

ዳኛ ለመሰየም ስብሰባ ተጠራ። ጓድ ወልደ ጊዮርጊስ ተነሥተው፣ በታማኝነቱ የተመሰገነው እንደሻው ያጫውት አሉ። የተጋጣሚዬ ኮከብ አባት ይዳኘኝ ብሎ የሚለምን አለቃ ታይቶ ስለማይታወቅ ሰው ተገረመ። ይበልጥ የተገረመው ግን ሐጂ ዓብዱላሂ ተነሥተው፣ እባካችሁ ሌላ ዳኛ ከአዲስ አበባ ይምጣልን ሲሉ ነው። የገዛ ተጫዋቻቸው አባት ሲሰጣቸው እምቢ አሉ ብሎ አዳራሹ ሳቀባቸው። ጓድ ወልደ ጊዮርጊስ የዳኛ አድልዎ ወሬ የአሮጌው ሥርዓት ቅሪት መሆኑን ለግማሽ ሰዓት አስረድተው ነገሩን በጭብጨባ አስወሰኑ። እንደሻው ተነሥቶ እጅ ነሥቶ አመሰገነ።

በማግስቱ ሐጂ መደባቸው ላይ ተቀምጠው እርድ እየነፉ ለበለጡ የልባቸውን ነገሯት።

"በለጡ እህቴ፣ ይኼ ሊቀ መንበር ሞኝ አይምሰልሽ። ወላሂ፣ ጉቦ የሚበላ ዳኛ ቢሰጡን ይሻለን ነበር። ጉቦኛውን እኛም እንገዛዋለን። ያንቺን ባል በምን እንግዛው?"

በለጡ ምሳ ላይ ባሏን ለመነችው። እንዲያዳላ አልጠየቀችውም፤ ያን ያህል የዋህ አይደለችም። የጠየቀችው አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ እንዲታመም ነው። ሆዱን ይሁን ወገቡን እሱ ያሻውን ይምረጥ፣ ከድሬዳዋ የሚመጣው ሁለተኛው ዳኛ ያጫውታል። እንደሻው የያዘውን ጉርሻ መልሶ አኖረው።

"ለልጁ ብሎ ታመመ ቢሉኝስ?"

"ልጅህ ጦር ሜዳ ቢሄድስ?"

የሌላው ሰው ልጅስ እየሄደ አይደለም ወይ ብሎ ተነሣ። እጁን ሲታጠብ ግን ሳሙናው ሁለት ጊዜ ሲያመልጠው አየች። ልጁን የማይወድ አባት ቢሆን ኖሮ ረግማው በተገላገለች ነበር። ታደሰ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ አባቱ እንደሚያጫውት ሲሰማ ደስ አለው። "አባዬ ካለ ማንም አያጭበረብረንም" እያለ ጫማውን ያጥባል።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ከግንቡ ውጭ ያለው የሲሚንቶ ሜዳ ሞልቶ ፈሰሰ። ሰው ጫቱን ይዞ አጥሩ ላይ ሳይቀር ተሰቅሏል። ሐጂ ዓብዱላሂ አጠገቧ ተቀምጠው፣ አንድ ተጫዋች አምስት ጥፋት ከተያዘበት ይወጣል፣ አይመለስም ብለው አስረዷት። አምስት ጣት ስላላት ለመቁጠር አልተቸገረችም።

ጨዋታው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው አውራ ጣቷን አጠፈች። ታደሰ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሞ ነበር፤ ጥፋቱ መቆሙ ሳይሆን አልቀረም። ቀጥሎ አንድ የአስተዳደሩ ተጫዋች በገዛ ጫማው ክር ተጠልፎ ወደቀ፤ ታደሰ ሊያነሣው ጎንበስ ሲል ፊሽካ ተነፋበት። ሌባ ጣቷ ታጠፈ። በወዲያ በኩል ሕዝቡ "ቁም ሳጥን" የሚለው አንድ ግዙፍ ተከላካይ ታደሰን በክርኑ ደረቱን ሲለው ግን እንደሻው ሰማይ ሰማይ ያያል። ከድሬዳዋ የመጣው ዳኛ አንዴ ተሳስቶ ለታደሰ ነፋ፤ እንደሻው መሃል ሜዳ ድረስ ሄዶ በትሕትና አሰረዘው። የድሬዳዋው ዳኛም ከዚያ በኋላ ፊሽካውን እንደ ከረሜላ አፉ ውስጥ ይዞ ዞረ።

የሚገርመው እንደሻው ለቀሩት ዘጠኝ ተጫዋቾች እንከን የማይወጣለት ዳኛ መሆኑ ነው። ቡሽራ ሲነካ ይነፋለታል፤ ቁም ሳጥን ቡሽራን ሲገፋ ይያዛል። ጨዋታውም እኩል ለእኩል ሄደ። የአጋማሹ ዕረፍት ሲደርስ ከበለጡ እጅ ሦስት ጣት ታጥፏል። አንድ ጠርሙስ ውኃ ይዛ ወረደችና ባሏን ከሰው ነጠል አድርጋ ያዘችው።

"እንደሻው፣ ልጅህ ነው።"

"ለዚህ እኮ ነው" አላት። ውኃውን ሳይጠጣ መለሰላት፤ ከተጫዋች እናት ውኃ ተቀበለ እንዳይባል።

ከዕረፍት መልስ ታደሰ እጁን ከኋላው አጣምሮ እንደ ተቀጣ ተማሪ መከላከል ጀመረ። አራተኛው ግን አልቀረለትም፤ በትከሻህ ገፋህ ተባለ። ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቆየና ሦስት ደቂቃ ሲቀር ገባ። ገብቶም በተከታታይ ሦስት አገባ። አስራ አምስት ሴኮንድ ሲቀር ጁገል በአንድ ነጥብ እየተመራ ኳሱ ታደሰ እጅ ነበር።

ታደሰ በግራ በኩል ሰብሮ ገባ። ቁም ሳጥን እየሮጠ መጣና ባለ በሌለ ጉልበቱ ተላተመው። ሁለቱም ሲወድቁ ኳሷ ብረቱን አንዴ ዞራ ገባች፤ በዚያው ቅጽበት ፊሽካ ተነፋ። ሜዳው ፈነዳ። ሐጂ ዓብዱላሂ አልሃምዱሊላህ እያሉ ኩፊያቸውን ወረወሩ። ቁም ሳጥን ራሱ ጥፋቱን አውቆ፣ ከወደቀበት ሆኖ ይቅርታ ለመጠየቅ ለታደሰ እጁን ዘረጋለት።

እንደሻው ቀስ ብሎ መጣና ጣቱን ወደ ልጁ ጠቆመ። ነጥቡ አይቆጠርም፣ አምስተኛው ጥፋት ነው፣ ውጣ።

በለጡ ጣቷን አላጠፈችም፤ እጇ ራሱ ተጨብጦ ቀረ። የቀሩት ሴኮንዶች አለቁና ጁገል በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። ከዚያ የአስተዳደሩ ደጋፊ አጨበጨበ። ይህስ ይሁን፤ በለጡን የገደላት ግን ከጁገል በኩል የተነሡት ሽማግሌዎች ናቸው። ቡድናቸው ተሸንፎ፣ ጫታቸውን ጉንጫቸው ላይ ወትፈው፣ ይኼ ነው ሰው ማለት እያሉ ቆመው አጨበጨቡ።

ኮሚቴው በሳምንቱ የግምገማ ስብሰባ አድርጎ፣ የዳኛ አድልዎ በጨዋታ ውጤት ላይ አንዳችም ተጽዕኖ እንደሌለው በተግባር መረጋገጡን በቃለ ጉባኤ አሰፈረ። ለእንደሻው ባለ ማኅተም የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ሐጂ ዓብዱላሂ በስብሰባው ላይ እጃቸውን አውጥተው፣ ወደ ልጁ ማዘንበል አድልዎ ከሆነ ከልጁ መሸሽስ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

በለጡ የጠየቀችው ባሏን ነው። ወረቀቱን ይዞ ቤት ሲገባ በሩን ዘጋችና ምን አየህ አለችው፤ ያን ጊዜ ማን ማንን ሲመታ አየህ?

እንደሻው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "አላየሁም" አላት። "ያ ግዙፉ ከለለኝ። ዝም ብዬ ባስገባለት ለልጁ ዝም አለ ይሉኛል አልኩና ነፋሁት።" ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ። በለጡ አላባበለችውም። ለልጁ ይህንኑ እንዲነግረው ብቻ ነገረችው፤ እነግረዋለሁ አላት።

አልነገረውም። ታደሰ ደግሞ በየጠዋቱ ግቢው ውስጥ ብቻውን ይለማመድ ነበር። ኳሷን ይዞ በግራ በኩል ይገባል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ እግሩ የት እንደተሳሳተ ይፈልጋል። አባቱ በመስኮት እያየው ሻዩን ይጠጣል። በለጡ ልንገረው ብላ ደጋግማ ተነሥታ ነበር፤ የአባቱን ገመና በልጁ ፊት ማውጣት ከብዷት ዝም አለች። ለካ በሽታው እሷንም ይዟታል።

በአራተኛው ሳምንት ቀበሌው ጠራው። የጭነት መኪናው ከቀበሌው በር ላይ ቆሞ ልጆቹ ሲጫኑ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ ነበር። ጓድ ወልደ ጊዮርጊስ ንግግር አድርገው ጨረሱ። ሐጂ ዓብዱላሂ ቡሽራን ሸኝተው ዓይናቸውን በሽርጣቸው ይጠርጋሉ። ታደሰ ከመኪናው ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብሎ አባቱን ጠራው።

"አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። መጨረሻ ላይ የነፋህብኝ፣ እውነት ጥፋት ነበር?"

እንደሻው ቀና አለ። ሊቀ መንበሩ ይሰማሉ። ሽማግሌዎቹ ይሰማሉ። ከተማው በሙሉ ጆሮውን አቁሟል።

"ነበር" አለ።

ታደሰ ራሱን ነቀነቀ። "እሺ አባዬ። አስተካክለዋለሁ" አለ፤ ፊቱ ላይ የቂም ምልክት እንኳ አልነበረም።

በለጡ ሰዉን እየገፋች መኪናው ድረስ ሄዳ የልጇን እጅ ያዘች። አልጮኸችም፤ ግን ድምፅዋን አልደበቀችም።

"ዋሽቶሃል። አላየም። ሰው ምን ይለኛል ብሎ ነው የነፋብህ። ምንም አላጠፋህም፣ የምታስተካክለው ነገር የለም፤ ዝም ብለህ ተመለስልኝ።"

ሞተሩ ተነሣ። ታደሰ እጇን አጥብቆ ይዞ መኪናው እስኪያስለቅቀው ድረስ አልለቀቃትም፤ ያን ሁሉ ሳምንት ተሰቅሎ የከረመው ትከሻው ወረደ። በለጡ ስትዞር ሰፈሩ በሙሉ አፉን ከፍቶ ያያታል፣ ባሏ አንገቱን ደፍቷል፣ አንዲት ሴትዮ ባሏን በአደባባይ አዋረደችው እያለች ለጎረቤቷ ታንሾካሽካለች። በለጡ ነጠላዋን አስተካክላ በመሃላቸው አልፋ ወደ ቤቷ ሄደች።