ገመድ ተመልካቿ

ዋርሳዬ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም፣ ነገሩን የነገረኝ መኪና ውስጥ ነው፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ።

«እቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ከታች ትሆኛለሽ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም። እማዬ ናት። ትናንት እጄን ይዛ ቃል አስገባችኝ።»

ሾፌራችን በመስታወቱ አየኝ። በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣል፤ መኪናውን ይነዳል፣ መሬት ላይ ሆኖ ገመድ ይይዛል፣ ያልተጠየቀውን ሁሉ ይመልሳል።

«ስለ እኔስ ምንም አላሉም? እኔም እኮ ወገቤን ያመኛል» አለ። ማንም አልሳቀለትም።

አማቴን አውቃቸዋለሁ። ትልቁን ልጃቸውን፣ የእኔን ባል፣ የወሰደው በሽታ ነው። እሳቸው ግን በዛፍ ላይ ፈረዱ። ሰው ከመሬት እግሩን ካነሳ ይጎዳል ብለው ያምናሉ። አንድ ቀን ደፍሬ፣ «አልጋ ላይ ነው የሞተው፤ አልጋ ላይ እንዳልተኛ ግን የከለከለኝ የለም» አልኳቸው። ተቆጡኝ። ከዚያ ወዲህ መናገሩን ትቼ ዛፍ መውጣቴን ቀጠልኩ።

ዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት ደን ነው። ባለቤቴም እዚያው ነበር። የቢሮ ወንበር ሲሰለቸን ገመድና መጋዝ ገዝተን ይህን ሥራ ጀመርን። ሥራችን ዛፍ መጣል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን የምንሠራው መከርከም ነው፤ ጣሪያ ላይ ያጋደለውን፣ ሽቦ የሚነካውን፣ የደረቀውን አንስተን ቀሪውን እናቆየዋለን። ትልቅ ዛፍ ላይ ሁለት ሆነን እንወጣለን። አንዱ ይቆርጣል፤ ሌላው ከጎኑ ተቀምጦ የቆራጩን ገመድ ያያል። ቆራጩ ዓይኑን ከመጋዙ አይነቅልም፣ የገዛ ገመዱንም አያይም። «ገመድህ» ሲባል ይቆማል፤ «ነፃ» ሳይባል አይቆርጥም። ሌሎች ከርካሚዎች እንዲህ አይሠሩም። ገመድ ለማየት ብቻ ሁለተኛ ሰው ማውጣት ለእነሱ ቅንጦት ነው። በእኛ ዘንድ ግን የሥራው ሕግ ነው፤ ዋርሳዬም መጋዝ መያዝን የተማረው ከዚሁ ሕግ ጋር ነው። ከኋላው ሌላ ዓይን እንዳለ አምኖ ነው የሚቆርጠው።

«ገመድህን ማን ያይልሃል?» አልኩት።

«ከታች ሆነሽ ታይልኛለሽ።»

«በዚያ ሁሉ ቅጠል ውስጥ?»

«እቴ፣ በፈጠረሽ፣ ከእማዬ ጋር አታጣይኝ።»

ጓንቴን አውጥቼ ማጥለቅ ጀመርኩ። እንደ እሺታ ወሰደው፤ እኔም አላረምኩትም። ሊወስዱብኝ የፈለጉት ምን እንደሆነ ግን ገብቶኛል። ዛፍ ላይ ስሆን አንገቱን ዘንበል አድርጎ «እንዴት ሆንሽ?» የሚለኝ ሰው የለም። መሬት ላይ ግን ባሌ ከሞተ ወዲህ ሁሉም ይጠይቀኛል።

ዛፉ የቆመው ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ ጀርባ ነው። ረጅም ባሕር ዛፍ ነው፤ ግንዱ ነጣ ያለ፣ ቅርፊቱ እንደ አሮጌ ጋዜጣ የሚላጥ። አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ ከግንዱ ወጥቶ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ተዘርግቷል። ነፋስ በመጣ ቁጥር ቆርቆሮውን ይፍቀዋል። ሐኪሙ ጋውኑን እንደለበሰ፣ ማስኩን ወደ አገጩ አውርዶ ወጣ።

«ለምን ጨርሳችሁ አትነቅሉልኝም?»

«እርስዎ የመጣልዎትን ጥርስ ሁሉ ይነቅላሉ?»

«የሚነቀል ከሆነ እነቅላለሁ።»

«ይሄ የሚነቀል አይደለም።» ግንዱን እየዞርኩ በእንጨት መዶሻ መታሁት። የመለሰልኝ ድምፅ ድፍን ነው፤ ባዶ ቦታ አልሰማሁበትም። «ግንዱ ደኅና ነው። ጣሪያው ላይ ያለውን ክንዱን ብቻ እናነሳለን። እስክንጨርስ ታካሚዎችዎን ወደ ፊተኛው ክፍል ያዛውሩልን።»

«አንዷን አፏን አስከፍቼ ነው የመጣሁት።»

«አፏን ይዝጉና ያዛውሯት።»

ሳቀ። «ማደንዘዣ ካስፈለጋችሁ አለሁ» ብሎ ገባ።

ዋርሳዬ የአሸዋ ከረጢት የታሰረበትን ቀጭን ገመድ ወረወረ። በመጀመሪያው ውርወራ ከፍ ባለ ባላ ውስጥ አሳለፈው፣ ወፍራሙን ገመድ ጎትቶ አስገባበት፣ መታጠቂያውን አጠበቀና ወጣ። ሲወጣ ማየት ደስ ይላል። ጉልበቱን ከገመዱ ጋር ስለማያጣላ ነው ሾፌሩ «ጦጣው» የሚለው። እኔም ለማንም ሳልነግር ሌላ ገመድ በሌላ ባላ አሳለፍኩ፤ መታጠቂያዬን አጠለቅኩ።

«ከታች ነሽ አልተባልሽም?» አለኝ ሾፌሩ።

«ከታች መታጠቅ ተከልክሏል?»

ትንንሾቹ ቅርንጫፎች ያለ ችግር ወረዱ። ዋርሳዬ እያንዳንዱን አስሮ ይቆርጣል፤ ሾፌሩ ገመዱን በግንዱ ሥር ጠምጥሞ ቀስ እያለ ይለቃል፤ እኔ ፈትቼ እጎትታለሁ። አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ ሳይ የሚታየኝ የጫማው ሶልና የሚዘንበው ሰጋቱራ ብቻ ነው። ወገቡና ገመዱ ቅጠል ውስጥ ናቸው።

«ገመድህ እንዴት ነው?» ስል ጮኽኩ።

«ነፃ ነው!»

«አንተው ጠያቂ፣ አንተው መላሽ?»

«ምን ላድርግ፣ ብቸኛ ልጅ ሆኛለሁ!» ብሎ ሳቀና ዋናውን ቅርንጫፍ ጀመረ።

የመጋዙ ድምፅ ሲለወጥ ሰማሁ። ከዚያ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚያወጣው ረጅም ድምፅ መጣ። ቅርንጫፉ አልወደቀም። ሾፌሩ የያዘው ገመድ ጫፉ ላይ ወጥሮት፣ ሥሩ ላይ ባልተቆረጠው እንጨት ተንጠልጥሎ፣ እንደ በር ወደ ግንዱ ታጠፈ። የመጋዙ ሞተር ጠፋ።

«እቴ!»

«ተጎዳህ?»

«አልተጎዳሁም። ግን መንቀሳቀስ አልቻልኩም።»

«ጋሼ፣ የያዝከውን እንዳትለቅ። እንዳትስብም» አልኩት ሾፌሩን።

«ሱሪዬ ቢወልቅም አልለቅም።»

ሐኪሙ ድምፁን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። «እሳት አደጋ ልጥራ?»

«ይጥሩ። እስኪደርሱ እኛ እንሥራ።»

ገመዴን ያዝኩና ወጣሁ። ማንም ተይ አላለኝም። አልፈጠንኩም፤ አልዘገየሁምም። እጆቼ ቋጠሮውን እየገፉ፣ እግሮቼ ገመዱን እየረገጡ፣ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። ከእሱ ትይዩ ስደርስ ምንም ሳልነካ ተመለከትኩ። ባለቤቴ እንዲህ ያለ ጊዜ ያፏጭ ነበር። እኔ አላፏጭም።

ያጠፋው ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። በወገቡና በግንዱ ዙሪያ ያዞረው አጭር ማሰሪያ ሲሠራ ተንሸራትቶ ከቅርንጫፉ ብብት ሥር ገብቷል። ቅርንጫፉ ሲታጠፍ ማሰሪያውን ከግንዱ ጋር ነከሰው። ከጎኑ የተቀመጠ ሰው ቢኖር መንሸራተት ሲጀምር «ገመድህ» ይለው ነበር። እሱ ግን እንደ ልማዱ ዓይኑ መጋዙ ላይ ነበር። ሌላ ከርካሚ የገዛ ገመዱን ራሱ ማየት ይለምዳል፤ እሱ አልለመደም።

«እግርህ ይሰማሃል?»

«ሁለቱም አሉ። አንደኛው ተቆጥቷል።» ፊቱ ላብ ነበር። «ያልተቆረጠውን በእጅ መጋዝ ልጨርሰውና ይሂድ።»

«ይሄዳል፤ አንተንም ይዞ።»

«ማሰሪያውን ብቆርጠውስ?»

«ውስጡ ሽቦ ነው። መጋዝ እንዳይበጥሰው ብለን አይደል የገዛነው?»

ወደ ታች አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ። ቅርንጫፉ ሥር የቀረው እንጨት ቀጭ ቀጭ እያለ ይሰነጠቅ ነበር። እሱ ከተበጠሰ ያ ሁሉ ክብደት ማሰሪያውን ይዞ ይወርዳል።

«ስማኝ» አልኩት፤ «ይሄ ክንድ የሚለቅህ ሲነሳ ነው። እናነሳዋለን። እስከዚያ አትወዛወዝ።»

ሾፌሩ የያዘው ገመድ ያለፈበት ባላ ዝቅ ያለ ስለሆነ መያዝ እንጂ ማንሳት አይችልም። ከበላያችን ወዳለው ጠንካራ ባላ ወጣሁ፤ ገመድ የሚዞርበት ፑሊ ሰቀልኩ፤ ሌላ ገመድ አሳልፌ ከቅርንጫፉ መሐል አልፌ፣ ክብደቱ ያለበት ቦታ ላይ አሰርኩት። ጫፉን ወደ መሬት ለቀቅኩ።

«ጋሼ! የያዝከውን ግንዱ ላይ ቋጥረውና ይሄን ያዝ። ሐኪም፣ ጉልበት አለዎት?»

«መንጋጋ ነቃይ ነኝ እኮ!»

«እንግዲያው ከጋሼ ኋላ ይግቡ። ጎትቱ ስል ብቻ ይጎተታል። ቁሙ ስል ይቆማል።»

«እናስከፍታለን ማለት ነው?» አለ ሐኪሙ ጋውኑን እየሰበሰበ።

«ሰፋ አድርገው!»

ወደ ዋርሳዬ ተመልሼ ተቀመጥኩና ዓይኔን ማሰሪያው ላይ አሳረፍኩ። «ጎትቱ» አልኩ። ገመዱ ተወጠረ። ቅርንጫፉ እያቃሰተ ነቃ አለ። «ጎትቱ። ቀስ።» በእንጨቱና በግንዱ መካከል ክር የምታህል ብርሃን ገባች፤ ከዚያ ጣት አሳለፈች። ዋርሳዬ ሊስበው እጁን ሲዘረጋ፣ «ገና ነው» አልኩት። እጁን መለሰ። ብርሃኗ መዳፍ ስታህል፣ «ቁሙ» አልኩ።

«አሁን።»

ማሰሪያው ወጣ። የላይ ሽፋኑ ተልጧል፤ ሽቦው ግን አልተነካም። ከቅርንጫፉ አርቆ ከላይ ግንዱ ላይ እንደገና እስኪያዞረው ጠበቅኩና፣ «ነፃ» አልኩ።

ወደ ላይኛው ባላ ወጥቶ ተቀመጠ። የተቆጣውን እግሩን ማሸት ጀመረ። ከታች ሾፌሩ ለሐኪሙ፣ «እርስዎ ቢቀጠሩልን ጥሩ ነበር፤ ግን ጋውኑ አያዋጣም» ሲል ይሰማል።

«እቴ፣ ልውረድና ከታች ልያዝ፤ አንቺ...» አለና አቋረጠ። ምን ሊል እንደሆነ አወቀ። እሱ ከወረደ እኔ ብቻዬን ልቆርጥ ነው።

«እግርህ ተመለሰ?»

«ተመልሷል። ያሳክከኛል።»

«እንግዲያው የትም አትሄድም። መጋዙን ስጠኝ። አንተ ታያለህ።»

መጋዙን ሰጠኝ።

ቅርንጫፉ አሁን በሁለት ገመድ ተይዟል። ከጣሪያው ወደ ውጭ እንዲዞር ቦታዬን ቀየርኩ፤ ማሰሪያዬን አጠበቅኩ፤ መጋዙን አስነሳሁ። የገዛ ገመዴን አላየሁም።

«ገመድሽ!» አለ።

ቆምኩ። ቋጠሮዬ ሥር አንድ ቀጭን ጭራሮ ገብቷል። እጁን ዘርግቶ አወጣው።

«ነፃ።»

ቆረጥኩ። ቅርንጫፉ ጣሪያውን ሳይነካ ዞረ፤ ሾፌሩና ሐኪሙ እንደ ሕፃን አቅፈው መሬት ላይ አሳረፉት።

እሳት አደጋዎቹ የደረሱት ቅጠል ስንጠርግ ነው። መሰላላቸውን አዩ፤ ዛፉን አዩ፤ እርስ በርሳቸው ተያዩ። መሰላሉ አይደርስም ነበር። ሐኪሙ ምስጋና አቅርቦ፣ ጥርሳቸውን በነፃ እንዲያይላቸው ለመናቸው። አንደኛው እሺ አለ።

መኪናው አጠገብ ዋርሳዬ ስልኩን ለረጅም ጊዜ እጁ ላይ ይዞ ቆመ። ከዚያ ደወለ። እኔ ገመድ እየጠቀለልኩ ነበር፤ ያለውን ሁሉ ሰማሁ። ምንም አልደበቀም። ማሰሪያው እንዴት እንደተነከሰ፣ ምን እንዳሰበ፣ ማን እንዳስለቀቀው ነገራቸው። «ቃሌን አፈረስኩ፣ እማዬ» አለ። «ነገም ትወጣለች። እንድትወጣ የምጠይቃት እኔ ነኝ።» ከዚያ ብዙ አዳመጠ። መጨረሻ ላይ ስልኩን ዘረጋልኝ። «አንቺን ትፈልጋለች» አለ።

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ።

«አንቺ ስትቆርጪ ማን ነው የሚያይልሽ?» አሉ አማቴ።

«ልጅዎ።»

የጠቀለልኩትን ገመድ ትከሻዬ ላይ አንጠለጠልኩ።

«ዓይኑን ከገመድሽ ላይ እንዳይነቅል ንገሪው» አሉና ዘጉት።