ሦስተኛው ሽቦ

«በሐዘን ቤት ብሎን ይፈታል እንዴ?» አለች አክስቷ በሩ ላይ ቆማ። «ሰው እየመጣ ነው፤ አንቺን እየጠየቁ ነው። ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢና ውጪ።»

አልተነሳችም። ዕቃ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ፣ የወንድሟን አምፕሊፋየር በፊቱ ደፍታ፣ የጀርባውን ሰባተኛ ብሎን እየፈታች ነበር። ስምንት ብሎን አለው። ስንቴ ፈታ ስንቴ እንዳሰረችው ቁጥሩ ጠፍቷታል፤ ዛሬ ግን ካቻቢቴው እየተንሸራተተ አስቸገራት።

«መጣሁ» አለች።

«ቅድምም መጣሁ ብለሽ ነበር።»

«መጣሁ አልኩ እኮ!»

አክስትየዋ በሩን ሳትዘጋው ሄደች። ከሳሎን የሲኒ ኳኳታና ሹክሹክታ ይሰማል። ወንድሟ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ጊታሪስት ነበር። ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በአዲሱ አዳራሽ ለልምምድ ሲዘጋጁ፣ በግራ እጁ ጊታሩን እንደያዘ በቀኙ ማይክሮፎኑን ሊያስተካክል ነካው። ወደቀ። ሆስፒታል ሳይደርስ አለቀ። ኤሌክትሪክ ነው ተባለ፤ ኤሌክትሪክ ነው ብለው ቀበሩት።

እሷ ደግሞ ኤሌክትሪክን ታውቀዋለች። ሥራዋ ሬዲዮና አምፕሊፋየር መጠገን ነው። «ኤሌክትሪክ እጅ የለውም» ብላ ነበር ለእናቷ በቀብሩ ማግስት። «እጅ ያለው ሰው ነው መንገድ የከፈተለት። ያንን ሰው አገኘዋለሁ፤ አምጥቼ ፊትሽ አቆመዋለሁ።» እናቷ «እሺ» አለች። ልጅቷ ያቺን እሺ ይዛ ሁለት ቀን እህል በአፏ አልዞረም፤ ዛሬ ጠዋት ድራመሩ አምፕሊፋየሩን በታክሲ ጭኖ ሲያመጣላት፣ ልታለቅስበት የፈለገች መስሎት ነበር። እሷ ግን አንዲት ጠብታ አላነባችም፤ ቀጥታ ካቻቢቴ ፍለጋ ሄደች።

ስምንተኛው ብሎን ወጣ። ክዳኑን አነሳችው።

መጀመሪያ ያየችው ገመዱ ወደ ቀፎው የሚገባበትን ቀዳዳ ነው። ጎማው ተበልቷል። አዲሱ አዳራሽ ሲገቡ ሲጎተት፣ ሲወረወር፣ በገመዱ ሲንጠለጠል የቀፎው ጠርዝ ሽቦውን ልጦታል፤ መዳቡ ብረቱን ነክቷል። ይሄ ክፉ ነው፤ ግን ይሄ ብቻውን ሰው አይገድልም። ከግድግዳ የሚመጣው ገመድ ሦስት ሽቦ አለው። አንዱ ያመጣል፣ አንዱ ይመልሳል። ሦስተኛው፣ አረንጓዴና ቢጫው፣ በደግ ቀን ሥራ የለውም፤ ከብረቱ ቀፎ ጋር በብሎን ታስሮ ክፉ ቀን ይጠብቃል። ክፉ ቀን ሲመጣ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት ይወስደዋል። ፊውዝ ይቃጠላል፣ አዳራሹ ይጨልማል፣ ሰው ይሳደባል። በቃ። ሁሉም በሕይወቱ ቤቱ ይገባል።

ሦስተኛው ሽቦ ተቆርጦ ነበር። ጫፉ ወደ ኋላ ታጥፎ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚወርድበት ሲያጣ በጊታሩ ገብቶ በወንድሟ በኩል ወደ ማይክሮፎኑ አልፏል።

ጩኸት እንዳይሰማባት ክንዷን ነከሰች። የማን ሥራ እንደሆነ ያወቀች መሰላት። ለምን እንደተቆረጠም ገብቷታል። አምፕሊፋየሩ የሚያሰማውን እምምታ ለማጥፋት ነው።

ወንድሟን ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮ» እያለ ነበር የሚጠራው። ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ፍሪጁ «እምም» ሲል እንቅልፍ እምቢ ስለሚለው ማንም ሳያየው ይነቅለው ነበር። ወተቱ በየሳምንቱ ሲበላሽ እናቱ ባለ ሱቁን ስትራገም ከረመች፤ ባለ ሱቁ እስከ ዛሬ ይቅርታ አልተጠየቀም። አድጎ ጊታር ሲይዝም ያው ነው። ሰው ዘፈን ሲሰማ እሱ ከዘፈኑ ሥር ያለውን እምምታ ይሰማል። አምፕሊፋየሩን ተሸክሞ እህቱ ሱቅ ይመጣና «እታለም፣ ንቧ ተመልሳለች» ይላል።

ንቧን አብረው ይፈልጓታል። እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ያዳምጣል። ጊታሩን ይዘህ ፊትህን ወደ በሩ አዙር፤ ቀነሰ? እንግዲያው ፍሎረሰንቱ መብራት ነው። ገመዱን ቀይር። የስልክ ቻርጀሩን ንቀል። አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ። «ድምፁን ከመስደብህ በፊት የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቀው» ትለዋለች፤ ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

የዛሬ ወር ከአዲሱ አዳራሽ የመጣችው ንብ ግን ሌላ ነበረች። አምፕሊፋየሩ ከአንዱ ግድግዳ፣ ፒያኖው ከሌላው ግድግዳ ተሰክተው፣ በድምፅ ገመድ ተያይዘው፣ ሁለቱ የመሬት ሽቦዎች በመሃል ይነታረካሉ። «ሁሉንም ከአንድ ሶኬት ስካ» አለችው። ሰካ፤ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። «እንግዲያው በድምፁ ገመድ ላይ የምትገባ ትንሽ ሳጥን እሠራልሃለሁ። ድምፁን ታሳልፋለች፣ ንትርኩን ታቆመዋለች። ቅዳሜ ና።» ቅዳሜ መጣ። ሥራ በዝቶብኛል አለችው። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣ፤ ገና ነው አለችው። ሳጥኗ ግማሽ ተሠርታ ጠረጴዛዋ ላይ አለች።

ይህን ግን አሁን አላሰበችውም። ያሰበችው የባንዱን መሪ ነው። ፒያኖ ተጫዋቹ እሱ ነው፤ በየልምምዱ «ያንን ንብ አጥፋልኝ ወይ ራስህ ጥፋልኝ!» እያለ የሚያንቧርቅ እሱ ነው። ወንድሟ እየሳቀ ነበር የነገራት። እንዲህ ያለ ሰው ፒንሳ ቢያነሳ ምን ይገርማል?

በማግስቱ መሪው ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ኮቱን ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ድራመሩን አስከትሎ ገባና ከእናትየዋ አጠገብ ተቀመጠ። ሲኒ ሰጡት። አንዲት ጎረቤት «ምን ይደረግ፣ ቀኑ ደርሶ ነው» አለች።

«ቀኑ አልደረሰም!»

ሁሉም ዞረ። አምፕሊፋየሩን በሁለት እጇ አቅፋ ገብታ ወለሉ መሃል ዘጭ አደረገችው፤ የአንዱ ለቀስተኛ ሲኒ ተደፋ። «ቀኑ ደርሶ ነው የሚል ሰው ይምጣና ይቺን ሽቦ ይይልኝ። ቀን አይደለም የቆረጣት። ፒንሳ ነው!»

«ልጄ፣ ተረጋጊ» አለ የባንዱ መሪ።

«ልጄ አትበለኝ! አንተ ነህ የቆረጥከው!»

«አንተ» የምትለው ስድሳ የሞላውን ሰው ነው፤ እስከ ዛሬ «እርስዎ» ስትለው የኖረችውን። አክስቷ አፏን በእጇ ያዘች። እናቷ ግን ቀና ብላ ሰውየውን ብቻ አየች፤ አየችው፣ አየችው።

ሰውየው ሲኒውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። «እኔ ሽቦ ነክቼ አላውቅም» አለ ቀስ ብሎ። «ቤቴ አምፖል ሲቃጠል እንኳ የምትቀይረው ሚስቴ ናት። የቆረጠው ራሱ ነው። ሁለት ሳምንት ሆነው።»

«የሞተ ሰው አይመልስም ብለህ ነው!»

«እንዲህ አድርጎ ሲቆርጠው አደጋ የለውም ወይ አልኩት። ኧረ እህቴ ናት ያስተማረችኝ አለኝ።»

«ውሸታም!»

«እኔም ሰምቼዋለሁ» አለ ድራመሩ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ። «ለጊዜው ነው፤ እህቴ ሳጥኗን እስክትጨርስ ነው አለ።»

ጎንበስ ብላ ናስትሮውን እንደገና አየችው፤ ትናንት ያላየችውን ያኔ አየች። ሦስት ዙር ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ለጣት እንዲመች ትንሽ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ነገ የሚፈታ ነገር ላይ እንዲህ አድርገው ነው የሚያስሩት። ይህን እጥፋት በዚህ ከተማ የሚያጥፍ ሌላ ጠጋኝ አይታ አታውቅም። የራሷ አስተሳሰር ነው።

ወንድሟ አሥራ አራት፣ እሷ ሃያ ዓመቷ ነበር፤ ከአንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ዘንድ ሥራ ከጀመረች አራት ወሯ። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጫወት ነው። አምፕሊፋየሩ ያጉረመርማል፤ ልጆቹ ከኋላ «እምምም» እያሉ ያሾፋሉ፤ እሱ መጋረጃው ጀርባ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እሷ ምን እንደሆነ አላወቀችም። አላውቅም ማለት ግን ሞት ሆነባት። ክዳኑን ከፍታ፣ አንድ ቀን ሰው ሲያደርገው ያየችውን አደረገች፤ ሦስተኛውን ሽቦ ቀጭ። ጸጥ አለ። ወንድሟ ተአምር እንዳየ ሰው አያት። «ለዛሬ ብቻ ነው» አለችውና ናስትሮውን አጥፋ አሰረችለት።

በማግስቱ ለሽማግሌው ጠጋኝ በኩራት ስትነግረው ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። «ሰው ልትገድዪ ነው! አሁኑኑ ሂጂና ቀጥዪው!» አምፕሊፋየሩ ወዳለበት ወደ ቤት ሮጣ ሄደች። ወንድሟ ትምህርት ቤት ነበር። ቀጠለችው፣ ክዳኑን ገጠመች፣ እጇን ታጠበች። ሲመለስ ምንም አልነገረችውም። አፈረች። ትናንት ማታ እንደ ጀግና ያያትን ልጅ ተሳሳትኩ ማለት ከበዳት፤ ሌላ ጊዜ እነግረዋለሁ አለች፤ አሥራ አምስት ዓመት ሌላ ጊዜ ሆኖ አለፈ። ስትቆርጠው አይቷል። ስትቀጥለው አላየም።

ንዴቷ ግን አልበረደም፤ የምታሳርፍበት ሌላ ሰው አጣች እንጂ። የባንዱን መሪ ቀና ብላ አየችው። «ይቅር ይበሉኝ» አለች፣ ድምፅዋ እንደ ስድብ ሻካራ ነበር። «የሌሎቹስ? የሌላ ሰው ዕቃ ነክቷል?»

ሰውየውና ድራመሩ ተያዩ።

«የቤዙን አምፕሊፋየር» አለ ድራመሩ። «ያው ስለሚጮህ እሱንም ቆረጠለት።»

«አሁንስ ማን ነው የሚጠቀምበት?»

«ቤዚስቱ ነዋ። ነገ ሥራ አለን።»

«ሥራ?» ብላ ጮኸች። «ተነስ! አሁን፣ በዚች ደቂቃ ሄደህ ይዘኸው ና። ቤዚስቱ ሊሰካው ቢል እጁን ስበርልኝ፤ እጁን እኔ አሳክመዋለሁ!»

ድራመሩ እየሮጠ ወጣ። አክስቷ ክንዷን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ጎተተቻት። «በቃ፣ ራሱ ነው የቆረጠው» አለች በሹክሹክታ። «እዚህ ላይ ይብቃ። የቀረውን ለእናትሽ እንዳትነግሪ። አንዱን ቀብራለች፤ ሌላ አትጨምሪባት።»

«አምጥቼ ፊትሽ አቆመዋለሁ ብያታለሁ።»

«ብትዪስ? በንዴት የተባለ ነገር ነው።»

«አሁንም ተናድጃለሁ።»

ክንዷን አስለቅቃ ተመለሰች። እናቷ ፊት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ወሬ የሚወዱት እንኳ ሲኒያቸውን እያዩ ነበር።

«እማ፣ አምጥቼዋለሁ» አለች። «እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገረቻት። መጋረጃውን፣ ፒንሳውን፣ ሽማግሌውን፣ ሁለቱን ቅዳሜዎች። እናቷ ሳታቋርጥ አዳመጠች። ሲያልቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«መልሰሽ ስትቀጥይው ለምን አልነገርሽውም?»

«አፈርኩ።»

«የገዛ ወንድምሽን?»

«የገዛ ወንድሜን።»

እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ብትሰድበኝ፣ በጥፊ ብትለኝ አለች ልጅቷ በልቧ። «ልጅ ነበረች እኮ ያኔ» ያለችውን ጎረቤት እናትየዋ በእጇ ምልክት ዝም አሰኘቻት። ልጅቷ ከጥፊው ይልቅ ይሄኛውን እጅ ፈራችው።

ሰዓት ሳይሞላ ድራመሩ እያለከለከ የቤዙን አምፕሊፋየር ይዞ ገባ። ዕቃ ቤት ልትወስደው አልፈለገችም። እዚያው ለቀስተኛው መሃል ደፍታ ብሎኖቹን ፈታች። ክዳኑ ተነሳ፤ ያው ሽቦ፣ ያው ናስትሮ፣ ያቺው እጥፋት። የእጥፋቷን ጫፍ በጥፍሯ ይዛ ስትስባት፣ እሱ እንዳሰበው በቀላሉ ተፈታች። ያኔ እንባዋ መጣ። አራት ቀን የተጠራቀመው መጣ።

ሽቦውን ላጠችው። ቀጫጭኖቹን መዳቦች በጣቷ ጠመዘዘቻቸው፤ ቀፎው ላይ ካለው ብሎን ሥር መግባት አለባቸው። አንዴ ሞከረች፣ ተበተኑ። ጠምዝዛ ደግማ ሞከረች። ዓይኗ በእንባ አያይም፤ ሽቦው ብሎኑን እያለፈ ይወጣል። የባንዱ መሪ ሊያግዛት ተነሳና አክስቷ በዓይኗ ስትከለክለው ተቀመጠ።

አንድ እጅ በትከሻዋ አልፎ ወረደ። እናቷ አጠገቧ ተንበርክካለች። ፊቷ ገና እንደ ድንጋይ ነው።

«የቱ ነው?» አለች።

«ይሄ። አረንጓዴና ቢጫው።»

እናቷ በሁለት ጣቶቿ ያዘችው፤ ብሎኑ ሥር አስገብታ እንዳይንቀሳቀስ ተጫነችው።

«አጥብቂው» አለች።