የቀጣፊው ምስጋና

በእሑድ ከሰዓት በኋላው የሬዲዮ ጨዋታ የሚወዳደረውን የዚህን ደራሲ እውነተኛ ስም የሚያስታውስ የለም፤ አገር ምድሩ የሚያውቀው «ቀጣፊው» ብሎ ነው። ታክሲ ውስጥ ድምፁን የሰማ ሰው ዘወር ብሎ «አንተ፣ ቀጣፊው አይደለህም እንዴ?» ሲለው ደረቱን ነፋ አድርጎ «ራሱ ነኝ!» ይላል። ሌላ መሥሪያ ቤት እንዲህ ተብሎ ቢጠራ ዕቃውን ሰብስቦ መውጣት ነበረበት። የእሱ ግን መጽሐፍ ከመጻፍ ቀጥሎ ሥራው ይኸው ነው፤ ማይክሮፎን ፊት ቁጭ ብሎ መቅጠፍ።

ጨዋታው «ደራሲው ምን ነካው?» ይባላል። ስለ መጻሕፍትና ስለ ታላላቅ ደራሲዎች ጥያቄ ይቀርብበታል፤ ፈተና መስሎት የመጣ ተወዳዳሪ ግን ጉድ ይሆናል። መልሱን ያወቀ ነጥብ ያገኛል፣ ሳያውቅ አዳራሹን ያሳቀ ደግሞ እጥፍ ያገኛል። አንድ ጊዜ «የዚያ የሺህ ገጽ ልብ ወለድ ጀግና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቀን እንኳ ቁርስ ሳይበላ የቀረው ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ መጣ። ቀጣፊው ትንሽ እንኳ ሳያመነታ፣ «ደራሲው መጽሐፉን የጀመረው ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ ነው፤ እሱ ያላገኘውን ቁርስ ለሌላ ሰው እንዴት ይስጥ?» አለ። ትክክለኛው መልስ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ የጠየቀ ሰው የለም።

ጉዱ ያለው በመጨረሻው ዙር ነው። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የአንድን ታላቅ ደራሲ ታሪክ፣ የደራሲውን ስም ሳይጠቅስ፣ ከራሱ ፈጥሮ ያወራል። ከላይ እስከ ታች ውሸት መሆን አለበት። ተፎካካሪው «ይቺስ እውነት ናት» ብሎ ከጠረጠረ ደወል ይደውላል፤ እውነት ሆኖ ከተገኘ ተራኪው እስከዚያ የሰበሰበውን ነጥብ በሙሉ ያጣል። ጉዳዩን የሚያውቅ አድማጭ ካለ ስልክ ደውሎ መመስከር ይችላል። ተወዳዳሪው ራሱ ግን በራሱ ጉዳይ ምስክር አይሆንም፤ ቀጣፊ ነዋ፣ ማን ያምነዋል?

ይህን ሕግ ያወጣው አቅራቢው ነው። ዕድሜ ልኩን ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ስለሆነ ሁሉም «መምህር» ይለዋል። ደወሏንም ከትምህርት ቤቱ ያመጣት እሱ ነው፤ ሰጡኝ ይላል፣ ባልደረቦቹ ወሰዳት ይላሉ። የቀጣፊው ተፎካካሪ ደግሞ ሃያሲዋ ናት። እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ የማታወርድ፣ ደራሲዎች ስሟን ሲሰሙ መንገድ የሚቀይሩላት ሴት ናት። የዓመቱ ሽልማት የሆነችውን የነሐስ የቀለም ብልቃጥ በየዓመቱ ይዛ የምትሄደው እሷ ስትሆን፣ ቀጣፊው በየዓመቱ አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይገባል።

የዚያን እሑድ የዓመቱ የፍጻሜ ውድድር ነበር፤ በነጥብም ቀጣፊው እየመራ ነበር። ልቡ ግን ብልቃጧ ላይ አልነበረም። አክስቱ በማግስቱ ጠዋት ዘግይታ የወለደቻት ልጇ ወዳለችበት ሩቅ ከተማ ጠቅልላ ልትሄድ ነው። እሱ ደግሞ ይህን ያህል ዘመን አንድም ቀን አመስግኗት አያውቅም።

አልሞከረም እንዳይባል ሞክሯል። እናቱን ገና በልጅነቱ ሲያጣ ወስዳ ያሳደገችው፣ ላውንደሪ ውስጥ ሸሚዝ ስትተኩስ እየዋለች ያስተማረችው እሷ ናት። ታዲያ ይህቺ ሴት ምስጋና የሚባል ነገር ሲመጣ ልክ ዝናብ እንደመጣበት ሰው ነው ሸሽታ የምትገባው። የመጀመሪያ መጽሐፉ ሲመረቅ «ዛሬ እዚህ የደረስኩት...» ብሎ ገና አፉን ሲከፍት ብድግ አለችና ወንበር የጎደለባቸው እንግዶች እንዳሉ ለማየት ወጣች፤ እስኪጨርስ አልተመለሰችም። ሁለተኛውን መጽሐፍ «ለእቴቴ» ብሎ አበረከተላት፤ ያቺን ገጽ ዘላ ምዕራፍ አንድ ገባች። ባለፈው ዓመት በሬዲዮ «አክስቴን ሳላመሰግን አላልፍም» ቢል፣ ሬዲዮኑን ጠርቅማ ዘጋችው፣ ስልክም አላነሳችም።

ከአንድ ቀን በፊት፣ ቅዳሜ፣ ዕቃ ሊያሽግላት ሄዶ ነበር። ቤቷ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ካውያዋ እንኳ በፎጣ ተጠቅልላለች። የቀረችው መስኮቱ ላይ ያለችው ሬዲዮ ብቻ ነች።

«እቴቴ» አላት፣ «እንግዲህ ሳትሄጂ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«ና እዚህ ሻንጣ ላይ ተቀመጥ፣ ዚፑን ልዝጋው።»

ተቀመጠ። «እኔ ላንቺ ያለኝ...»

«ክብደትህን ልቀቅበት እንጂ! እንዲህ ተንጠልጥለህማ አይዘጋም።»

«እቴቴ፣ ስሚኝ እንጂ!»

«ሰምቼሃለሁ። ሙሾህን ለራስህ ያዝ፤ እኔ ገና አልሞትኩም» አለችና ዚፑን ጥርቅም አደረገችው።

ወደ ቤቱ ሲመለስ መላ መጣለት። አክስቱ ምስጋና ሲመጣ ሬዲዮ ትዘጋለች፤ ውሸቱን ግን ዘግታ አታውቅም። በልጅነቱም እንደዚያው ነበረች። እንግዲያው ምስጋናውን በውሸት መሃል ደብቆ ማሳለፍ ነው። ኮንትሮባንድ መሆኑ ነው!

እና የእሱ ተራ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከመስታወቱ ጀርባ የድምፅ ባለሙያው ጣቱን አነሳለት። መምህር ጉሮሮውን ጠርጎ «ቀጣፊው፣ የመጨረሻዋን ቅጥፈት!» አለ።

«አንድ ታላቅ ደራሲ ነበር» ብሎ ጀመረ። «የተማረው የመተኮሻ ጠረጴዛ ሥር ነው።» ሰው ሳቀ። «አትሳቁ፣ ዩኒቨርሲቲው እሱ ነበር። አክስቱ ከላይ ትተኩሳለች፣ እሱ ከታች ይዋሻል። ከትምህርት ቤት በመጣ ቁጥር አንድ ነገር አጥፍቶ ነው የሚመጣው፤ ደብተር ይጥላል፣ ሱሪ ይቀዳል። ሌላ ሰው ቢሆን ጆሮውን ይዞ ያዞረው ነበር። እሷ ግን ውሸቱን ስትሰማ አንዲት ነገር ብቻ ነው የምትለው። ‹ከዚያስ?›»

ሃያሲዋ እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አወረደች።

«ውሸቱ ደካማ ሲሆን ካውያው ይፈጥናል። ውሸቱ ሲያምር ካውያው ቀስ ይላል። ሂስ ማለት ለእሱ ይኸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተሻለ ሃያሲ አላጋጠመውም።» አዳራሹ ወደ ሃያሲዋ ዞሮ አጨበጨበ፤ እሷም እጅ ነሳች። «አንድ ቀን አንድ እግር ጫማውን ጥሎ መጣ። ‹የት አደረስከው?› ስትለው፣ ‹የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ውሻ ሊያገባ ነው፤ ባዶ እግሩን አይዳርምና ተበደረኝ› አላት። ‹ከዚያስ?› አለች። ‹ከዚያማ ሦስት እግር ጫማ ስለቀረው ሰፈሩን እየዞርኩ ለመንኩለት› አላት። ‹ከዚያስ?› እያለች፣ እሱ ሲቀጥል፣ እሷ ስትሰማ፣ ካውያው ቀጥ ብሎ ቆመ። ጭስ ሸትቷቸው ብታይ፣ በማግስቱ የሚዳር ሙሽራ ሸሚዝ ጀርባው ላይ የካውያ ቅርጽ ታትሞበታል።»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ቀጣፊው ግን አብሮ መሳቅ አቃተው። ድምፁ ወረደ።

«የላውንደሪው ባለቤት እየጮኸ መጣ። እሷ ልጁን ቀሚሷ ሥር ሸሸገችውና ‹ካውያው ነው የተበላሸው› አለች። ከመተኮሻው አወረዳት፤ ክረምቱን በሙሉ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ልብስ ስትዘፈዝፍ ከረመች። እጇ ተሰነጣጠቀ። ልጁን አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችውም። ማታ ማታ እጇን ቅባት እየቀባች ‹ዛሬስ ምን አጠፋህ?› ትለው ነበር። እና ይህ ታላቅ ደራሲ ስንት መጽሐፍ ጽፎ፣ ስንት መድረክ ላይ ቆሞ፣ ለዚያች ሴት አንድ ቀን እንኳ...»

ደወሉ ተደወለ።

«ይቺ እውነት ናት!» አለች ሃያሲዋ። «መምህር፣ ፊቱን ይዩት። ይህን ሁሉ ዓመት ሲዋሽ ዐይኑ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።»

መምህር መነጽሩን አውልቆ ቀጣፊውን አየው። «እሺ፣ ምን ትላለህ? ውሸት ነው ወይስ እውነት?»

«ውሸት ነው» ቢል ብልቃጧ የእሱ ናት። ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን አክስቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ እየሰማች እንደሆነ ትዝ አለው። ያንን ክረምት፣ ያንን የተሰነጣጠቀ እጅ፣ በሰው ሁሉ ፊት ውሸት ነው ይበል?

«እውነት ነው» አለ። «ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። ታላቅ ደራሲ ያልኩት ብቻ ውሸት ነው። እቴቴ፣ አሁን ሬዲዮኑን ልትዘጊው ነው፤ ሳትዘጊው በፊት፣ አመሰግንሻለሁ።»

ላጨብጭብ ወይስ ልሳቅ ብሎ ሰው ግራ ገባው። ሃያሲዋ ደወሏን ድምፅዋ እንዳይሰማ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። መምህር መነጽሩን መልሶ አደረገ።

«እንግዲህ» አለ፣ «ሕግ ሕግ ነው። ቀጣፊ በራሱ ጉዳይ አይመሰክርም። ሌላ ምስክር ካልተገኘ ታሪኩ እንደ ውሸት ይያዛልና...»

ከመስታወቱ ጀርባ የድምፅ ባለሙያው እጁን ሲያወናጭፍ ታየ። ስልክ አለ።

«ሄሎ? ይሰማል?» አለች አንዲት አሮጊት፣ አዳራሹን በሚሞላ ድምፅ። ስልክ ሩቅ ስለሆነ መጮህ ያስፈልጋል ብላ የምታምን ሴት ነች።

ቀጣፊው ወንበሩን ጨበጠ።

«ይሰማል እትዬ፤ ማን ልበል?» አለ መምህር።

«ያቺ ሸሚዝ አቃጥላለች የተባለችው ነኝ። ለመመስከር ነው የደወልኩት። ይህ ልጅ የተናገረው ውሸት ነው።»

«ውሸት ነው? የቱ?»

«ዋናው ነገር ነዋ! ለእሱ ስል እንደተቀጣሁ አድርጎ አወራ። ለማን ስል? ሸሚዙን ያቃጠልኩት እኔ፣ የረሳሁትም እኔ። እሱን ደራሲ ላድርገው ብዬም ‹ከዚያስ› አላልኩም። ልሙት፣ ማወቅ ፈልጌ ነው!» መጮኋን ተወች። «እርስዎ ላውንደሪ ውስጥ ቆመው ውለው ያውቃሉ? እንፋሎትና ኮሌታ፣ እንፋሎትና እጅጌ። የሚያናግርዎ ሰው የለም። እህቴን ቀብሬ የመጣሁ ሰው ነበርኩ። ያ ልጅ በበሩ እስኪገባ ነበር ቀኑን የምገፋው። ዛሬ ደግሞ ምን ይዞ ይመጣ ይሆን እያልኩ። እሱ እኔን ያሳደገኝን ያህል እኔ አላሳደግኩትም። ምስጋና ምስጋና ሲል እሱን ለመስማት የማፍረው ለዚህ ነው። አመስጋኟ እኔ ሆኜ ሳለ እንዴት ቁጭ ብዬ ልመስገን?»

ቀጣፊው ዐይኑን በእጅጌው ጠረገ። ሃያሲዋ መሐረቧን አቀበለችው፤ ለራሷም አስፈልጓት ስለነበር ቶሎ መልስልኝ በሚል ዐይን አየችው።

መምህር ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። «በምስክር እንደተረጋገጠው የቀጣፊው ታሪክ ውሸት ነው። ስለዚህ ብልቃጧ...»

«ቆይ እንጂ፣ አልጨረስኩም» አለች አክስቱ። «ወቀሳ አለኝ።»

«ይቀጥሉ እትዬ።»

«ያን ቀን ጭሱ ተነሳ፣ ሰውዬው እየጮኸ መጣ፣ ወሬው ተቋረጠ። በማግስቱ ልጠይቀው ስል እሱ ሌላ ውሸት ይዞ መጣ፣ ከዚያም ሌላ። አፍሬ ሳልጠይቀው ይኸው አርጅቼ ነገ ልሄድ ነው። እንግዲህ ይንገረኝ። ውሻው ያቺን ሦስት እግር ጫማ አገኘ? አገባ ወይስ አላገባም?»

መምህር ወደ ቀጣፊው ዞረ። «ቀጣፊው፣ ጥያቄው ለአንተ ነው።»

ከመስታወቱ ጀርባ ባለሙያው ሰዓቱን እያሳየ ነበር፤ የዜና ሰዓት ደርሷል። መምህር ሳያየው ቀረ፤ ወይም ያላየ መሰለ። ቀጣፊው መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ማይክሮፎኑን ወደ ራሱ ሳበ። የውሻውን ወሬ ካቋረጠው ዘመን ተቆጥሯል። መጨረሻውን ያኔም አያውቀው ነበር።

«አንዱን ጫማ ከዳቦ ጋጋሪው ለመንኩለት» አለ። «ሁለተኛውን ዳይሬክተሩ ሰጡ፣ ግን እኔንም አብራችሁ አጋቡኝ ብለው ሙግት ጀመሩ...»

ሩቅ ካለችው ባዶ ክፍል፣ ከታሸጉት ሻንጣዎች መሃል፣ ድምፁ እንደ ድሮው መጣ።

«ከዚያስ?»