ፍሬን ረጋጩና የጣሪያው ጣሳ

በዚያ የከተማ ባቡር ማደሪያ ዴፖ ባቡር ማቆም የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ባቡሩ ይቆምላቸዋል እንጂ አያቆሙትም። እንዲህ የሚለው ራሱ ሰውዬው ነው። ሠላሳ ዓመት ነድቷል፣ ዴፖው ሁሉ «ፍሬኑ» ይለዋል። ፌርማታ ሲደርስ የእግር ፍሬኑን አንዴ ይረግጥና ከነጩ መስመር ላይ ልክክ! ፀጉር ታህል ያለፈበት ቀን የለም። የተሳፋሪው አንገት ሌላ ጉዳይ ነው።

ዛሬ የሚሞከረው አዲሱ ባቡር ነው። አዲሱ መስመር በሚያቋርጠው አደባባይ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ የለም፤ አራት መቶ ሜትሩን ባቡሩ የሚሻገረው ጣሪያው ላይ በተጫኑት፣ ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ነው። የተሻገረ ሾፌር አዲሱን መስመር ይይዛል፤ ያልተሻገረ መንዳቱን ትቶ ባቡር ያጥባል። የካፓሲተሮቹ መሐንዲስ ደግሞ የገዛ ምራቱ ናት።

«አባባ፣ ወደ አደባባዩ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ በእጅ ማንሻው ብቻ ቀስ እያሉ ያቀዝቅዙ። ያኔ ሞተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ካፓሲተሩም ይሞላል። የእግሩን ከረገጡ ግን ጉልበቱ ብረት አሙቆ ይቀራል።»

«አናቴ ላይ ጣሳ ደርድረሽ ፍሬን ታስተምሪኛለሽ? ባልሽን መኪና መንዳት ያስተማርኩት እኔ ነኝ!»

«ለዚህ ነዋ እስካሁን አጥር እየገጨ የሚያቆመው።»

ቁልቁለቱን ወረደ። ግርጌው ካለው ፌርማታ ላይ የዴፖው ኃላፊ ከሌሎቹ ሾፌሮች ጋር ቆሟል። በእነሱ ፊት ራሱ «ኤሊ» ብሎ ስም እንዳወጣላት ሴት ሾፌር እየተንፏቀቀ ሊቆም? ሞቶ ነው! ረገጠው። ከተማው ተንቀጠቀጠ፤ ባቡሩ መስመሩ ላይ ልክክ አለ።

ምራቱ የሙሌቱን መርፌ አየች። «አባባ፣ ሩብ እንኳ አልሞላም። አይነሱ!»

«ለአንቺ ነው የማይበቃው» ብሎ ተነሳ።

አደባባዩ መሃል ባቡሩ እህህ ብሎ ቆመ። የዓለም መኪና ሁሉ ጥሩንባውን ነፋ። አንድ ብስክሌተኛ መስኮቱን አንኳኳ፤ «አባቴ፣ ልግፋዎት?»

ባቡሩ ተጎትቶ ወደ ቁልቁለቱ አናት ተመለሰ። «ኤሊ ትያዘው» አለ ኃላፊው። ፍሬኑ ከኋላዋ እንደ ማንም ተሳፋሪ ተቀመጠ።

«ይሄ ፍሬን ነው ማባበል?» አለ፣ እሷ ማንሻውን ቀስ ስታደርግ። መርፌው ሽቅብ ወጣ። «ነጩን መስመር በክንድ አለፈችው! አያችሁ?» ያየለት የለም፤ ሁሉም መርፌው ላይ አፍጥጧል። ባቡሩ ከሽቦው ወጣ፣ አደባባዩን ዝም ብሎ አቋረጠ፣ ማዶ ካለው ሽቦ ስር ገባ።

«እንዲህማ ማንም ይሻገራል» አለ ፍሬኑ።

«ከነገ ጀምሮ ማጠቢያው ጋ ነዎት» አለው ኃላፊው።

«ማጠቢያው?» ፍሬኑ በሩ ላይ ዞሮ ባቡሩን ከጣሪያ እስከ ሐዲድ ገላመጠው። «እስከ ዛሬ በዚህ ዴፖ ታጥቧል የሚባል ባቡር አይቼ አላውቅም» አለና ወረደ።