የቃሬዛ ዕዳ

ዘንድሮ ዝናቡ አላባራ አለ። ምንጩ ደፈረሰ፤ ቡናው ሳይቀላ ረገፈ። ከዚያ ኮሌራ ገባ። ሬኮ መንደር መጀመሪያ አንዲት አራስ ሞተች፣ ቀጥሎ ባሏ። ሰው ለቅሶ መድረስ ተወ። ሞተር ነጂዎቹም በሽተኛ አንጭንም አሉ።

ጨው ሻጩ ሸምሰዲን የታመመ ዕለት ሽማግሌው ይርጉ ቃሬዛውን ከዕድሩ ቤት አውጥቶ በሸምሰዲን ደጅ ዘረጋው። ጨለለቅቱ ከተማ የሕክምና ድንኳን ተተክሏል፤ ጉሉኮሱም ከባሕር ማዶ መጥቷል። የሚሸከመው ካላገኘ ግን ሸምሰዲን ለማታ አይደርስም።

ወንዶቹ ከአጥሩ ማዶ ቆመዋል።

«ጋሽ ይርጉ፣ ይተዉት። ልጆች አሉን» አለ የዕድሩ ዳኛ ደመላሽ።

«እኔስ ምን አለኝ? ድመት?»

አንዱ ሊስቅ ብሎ ዋጠው።

«የዕድራችን አባል እንኳ አይደለም። ይርጋጨፌ ዘመድ አለው፤ እነሱ ያንሱት» አለ ደመላሽ።

በሬኮ ደንብ የተሸከመልህን ሰው፣ እሱ ባይኖር ቤተሰቡን፣ መልሰህ ትሸከማለህ። ትከሻ የሚመለሰው በትከሻ ነው።

ይርጉ እጅጌውን ጠቀለለ። ክንዱ ላይ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ አለ።

«ይህን የከተበኝ ጃፓናዊ ነው። አባትህንም ከትቧል። ክትባቱን ራሺያ፣ መኪናውን አሜሪካ ሰጡ ይባል ነበር፤ ሁለቱ ያን ጊዜ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ለእኛ ፈንጣጣ ግን ተስማሙ። ያ ጃፓናዊ እዚህ በወባ ንዳድ ሲወድቅ የሬኮ ወንዶች ምን አሉ? ፈንጣጣ ይዞታል፣ አንነካም! እሱ የከተበው ክንዳቸው ገና አልሻረም ነበር።»

«ታዲያ ማን አነሳው?» አለች የጤና ኤክስቴንሽኗ ሉሲ፣ ጓንቷን እያጠለቀች።

«የሸምሰዲን አባት። ብቻውን፣ በጀርባው፣ ዲላ ድረስ። እንግዳው የእኛ ነበር፤ ሬኮ ቆሞ አየ። የዚያ ትከሻ ዕዳ እስከ ዛሬ አልተከፈለም።»

«እሱ የአባቶቻችን ነገር ነው» አለ ደመላሽ።

«የቡናውን ማሳስ የሰጠህ ማነው? ያንን ስትወርስ ይህን የት ጣልከው?»

ይርጉ ጎንበስ ብሎ ገባ። ከሉሲ ጋር ሸምሰዲንን ቃሬዛው ላይ አጋደሙት። ይርጉ በፊት በኩል ያዘ። ሉሲ ከኋላ ልታነሳ ስትል ደመላሽ አጥሩን ዘለለ።

«ጓንት ስጪኝ» አላት በቁጣ። «ዞር በይ፤ አንቺ መድኃኒቱን ያዢ።»

ሌላ ሰው አልመጣም። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። ደመላሽ መንገዱን ሁሉ ሲያጉረመርም ሄደ፤ ይርጉ አንዴም ዞሮ አላየውም።

ሸምሰዲን ዳነ። በእግሩ ተመለሰና ጨው በከረጢት ይዞ ይርጉ ደጅ ቆመ።

«ጋሽ ይርጉ፣ ትንሽ ነገር ናት።»

«መልስ።»

«ለምን?»

«ከተቀበልኩህ እንደገና ባለዕዳህ ልሆን ነው። ይህ ትከሻ ደግሞ ሌላ ሸክም አይችልም። ከአባትህ ጋር ሒሳባችን ተዘግቷል፤ ወደ ሱቅህ ሂድ።»

ሸምሰዲን ጨዉን ይዞ ተመለሰ።