የዓሣዎቹ እጣቢ

ነገሌ ጦር ሠፈር የሻለቃ ገብረወልድ ባለቤት ወይዘሮ ብዙወርቅ ሁለት ቀይ ዓሣ ነበራቸው፤ የማይበሉ፣ የማይሸጡ፣ እንዲያው ለመታየት ብቻ የተቀመጡ። ሳሎኑ ውስጥ፣ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር፣ በመስታወት ሣጥን ከወዲያ ወዲህ ሲሉ ይውላሉ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ነው የመጡት። የሠፈሩ ወታደር በጭነት መኪና አቧራ እየቃመ የደረሰበት አገር እነሱ በአየር ገቡበት። ይሁን፣ ዓሣ ምን ያጠፋል።

የምትጠብቃቸው የሃምሳ አለቃ በላይነህ ሚስት ጥሩሰው ናት። የሻለቃውን ቤት ትጠርጋለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ በሳምንት አንዴ ደግሞ የዓሣዎቹን ውሃ ትቀይራለች። ውሃው ሲሰነብት መጀመሪያ ይደፈርሳል፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ይሆናል። ያን ጊዜ ወይዘሮ ብዙወርቅ "ኧረ ልጆቼ ታፈኑ" ይሉና ከማተባቸው ጋር ያሰሩትን ቁልፍ አውጥተው በርሜሉን ይከፍታሉ። በርሜሉ ውስጥ ያለው፣ ቦቴ ከሩቅ ጉድጓድ ለመኮንኖች ቤት ብቻ የሚያመጣው ጥርት ያለ ውሃ ነው። የሌላው ወታደር ሚስት እንስራዋን ተሸክማ ኩሬ ትወርዳለች። ኩሬው ውስጥ ከብቱም ግመሉም ይገባል፤ በበጋ ጉሽ ጠላ ነው የሚመስለው።

የጥሩሰው ልጅ እሙሽ ገና ጡት መጣሏ ነው። ከጥምቀት ወዲህ ተቅማጥ ይዟት ዓይኗ ጎድጉዷል። የሠፈሩ ክሊኒክ ድሬሰር አያትና "ንጹሕ ውሃ አፍልተሽ ስጫት። ይሄን ጭቃ ብታፈዪውም ያው ጭቃ ነው። ካልሆነ ልጅቱ አትተርፍልሽም" አለ።

ጥሩሰው ነጠላዋን አደግድጋ ከወይዘሮዋ ፊት ቆመች።

"እትዬ፣ ለልጄ በየቀኑ አንድ ጣሳ ውሃ ቢሰጡኝ?"

"ምነው አልሰጥሽ፣ ልጅ አይደለች? ግን ዛሬ ላንቺ ብከፍት ነገ ሠፈሩ ሁሉ ገንቦውን ይዞ በሬ ላይ ነው። ሻለቃም አይወዱም። ማርያም ትማርልሽ።"

ማርያምን ጠርተው ቁልፉን መልሰው ከደረታቸው ከተቱት።

እንግዲህ የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ጥሩሰው ውሃ በምትቀይርበት ቀን፣ ከጓሮ ድፊው የተባለችውን እጣቢ ከአጥር ኋላ ባስቀመጠችው እንስራ ውስጥ ገለበጠችው። አረንጓዴ ነው፣ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ ከኩሬው ጋር ሲተያይ ግን ጠበል ነው። በነጠላዋ ጫፍ አጠለለችው፣ አፈላችው፣ እሙሽን አጠጣቻት። ልጅቱ ውሎ አድሮ ቀና ብላ መቀመጥ ጀመረች፣ ከዚያም ሳቀች። ጥሩሰው ግን አልሳቀችም። የሻለቃ ዓሣ የታጠበበትን ለልጄ አጠጣሁ ብላ ለማን ትናገር? ለበላይነህም አልነገረችው። ቢሰማ ወይ ይሰድባታል ወይ ያለቅሳል፤ ሁለቱንም አልፈለገችም።

ችግሩ፣ እንስራው ሳምንት አያደርስም። ታዲያ የዓሣዎቹ ውሃ ቶሎ እንዲበላሽ ዘዴ አገኘችለት፤ ጠዋት ስትጠርግ ከቁርስ የተራረፈ ዳቦ ጣል ታደርግበታለች። ዳቦው ይሟሟል፣ በማግስቱ ውሃው ነጥቶ ይገማል።

"ምን ነካው ይሄ ውሃ?" ይላሉ ወይዘሮዋ።

"ሙቀቱ ነው፣ እትዬ።"

ቁልፉ ይወጣል፣ በርሜሉ ይከፈታል። እሙሽ በእግሯ ቆመች።

እንዲህ እያለ ጾመ ነነዌ ገባ። ወይዘሮ ብዙወርቅ ጾም ላይ ቀልድ አያውቁም። "በነነዌ እንስሳቱም ጾመዋል፣ የመጽሐፍ ቃል ነው። በቤቴ ያለ ፍጥረት ሁሉ ይጾማል" ብለው ዓሣዎቹን ምግብ ከለከሏቸው። ሦስቱንም ቀን ዳዊታቸውን ይዘው ከሣጥኑ አጠገብ አልነሣ አሉ። ውሃው ጥርት እንዳለ ሰነበተ። ጥሩሰው በዕድሜዋ ንጹሕ ነገር እንደዚያ ጠልታ አታውቅም። እንስራው ነጠፈ፣ እሙሽ የኩሬውን ጠጣች፣ ተቅማጡ ተመለሰ። ኩሬው ዳር ከብቷን የምታጠጣው ዲንኪቱ "አካም፣ ጥሩሰው? ልጅቱ ናጋ?" ስትላት "ናጋ፣ ደኅና ናት" አለች። ሌላ ምን ትበል።

ሐሙስ ጠዋት ጥሩሰው አላመዛዘነችም፤ አንድ ሙሉ ዳቦ ፈርፍራ ጨመረች። ወይዘሮዋ ደግሞ በበኩላቸው ብድግ አሉና "የኔ ጾመኞች፣ እንኳን አደረሳችሁ" ብለው ዳቦውንም የተቀቀለ እንቁላሉንም አዘነቡላቸው። አርብ ዓሣዎቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ተንሳፈፉ። ውሃው ከመበላሸቱ የተነሣ ጥሩሰው እንኳ ለልጇ ልትሰጠው አልደፈረችም፤ ደፋችው።

"በጾም ገደልኳቸው" ብለው ወይዘሮ ብዙወርቅ ደረታቸውን ደቁ። የመኮንኖቹ ሚስቶች መጥተው "እግዜር ያጥናሽ" አሏቸው። እውነቴን ነው፣ ለዓሣ! ጥሩሰው ሻይ አቀረበችላቸው።

ከዚያ በኋላ ልመና ያዘች። ውሃማ አንዴ ተለምኖ ተከልክሏል፤ የምትለምነው ዓሣ ነው።

"እትዬ፣ ቤቱ ያለ እነሱ ጭር አለ። ሌላ ያስመጡ እንጂ፣ እኔ እጠብቃቸዋለሁ።"

እንዲያ ስትለማመጥ ራሷን ታዘበችው። በሰላም ከደረሱ ለማርያም ጧፍ አገባለሁ ብላ ተሳለች። የገዛ ልጇን ነፍስ በዓሣ አስይዛ ስትሳል ያሳፍራታል፣ ግን ተሳለች። ወይዘሮ ብዙወርቅ እንባቸው መጣ።

"ለካ አንቺም ትወጂያቸው ኖሯል። በይ አይዞሽ፣ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ እልክበታለሁ።"

እሙሽ ከአልጋ ሳትነሣ፣ ውሃ ስጪኝ እያለች ሰነበተች። አውሮፕላኑ የመጣ ዕለት ጥሩሰው እየሮጠች ደረሰች። እውነትም አዳዲስ ዓሣዎች ገብተዋል። ከሣጥኑ ጥግ ግን ትንሽ ማሽን ተሰክታ አረፋ እየተፋች ታጉረመርማለች።

"ማጣሪያ ነው" አሉ ወይዘሮዋ ደስ ብሏቸው። "ያንኑ ውሃ እያዞረ ያጠራዋል። ከእንግዲህ አይደፈርስም፣ አንቺም ውሃ ስትቀጂና ስትደፊ አትውይም። ምግባቸውንም እኔው ነኝ በማንኪያ የምሰጥ፣ ሌላ ሰው አይነካም። ማሽኑን ያስመጣሁት ላንቺ ብዬ ነው፤ እንደዚያ ስትለምኚኝ አንጀቴን በላሽው።"

ጥሩሰው ሣጥኑን አየችው። ውሃው የሌለ እስኪመስል ጠርቷል።

"አመስግኚ እንጂ።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ" አለችና ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

ከዚያ ቤቷ ሄደች። እሙሽን አዘለች፣ እንስራዋን አንሥታ ኩሬ ወረደች። ልጅቱ ውሃ ስጪኝ ማለቱን ትታዋለች።