ለአበባ የሚሆን ቦታ

ቶኮሩዋ አሥራ ሁለት የአበባ አክሊል የያዘ ካርቶን ታቅፋ፣ ከሾፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ደሴቲቱን ለሁለተኛ ጊዜ ትዞራለች። አበባው ጎህ ሲቀድ እንቡጥ ሳለ የተቀነጠበ ነው። እንቡጡ በክር ተሰክቶ፣ በእርጥብ የሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ይቆይና ረፋዱ ላይ በሰው ራስ ላይ ይፈነዳል። ዛሬ ግን የሰው ራስ አላገኘም። እዚያው ካርቶኑ ውስጥ አንድ በአንድ እየፈነዳ ሽታው አውቶቡሱን ሞላው፤ ከኋላ የተቀመጡት ሁለት አሮጊቶችም ሐሜታቸውን አቋርጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነበር። ባሕሩ በአንድ በኩል፣ ተራራው በሌላው በኩል፣ ሁለቱም ያንቀላፉ ይመስሉ ነበር።

«አንቺ ልጅ» አሉ ሾፌሩ ፓፓ ንጋሪማ በመስታወቱ እያዩዋት፤ «ቤትሽ ጠፍቶብሽ ነው ወይስ እኔን ወደሽኝ ነው የማትወርጂው?»

«ለሱቅ የሚሆን ቦታ እየመረጥኩ ነው፣ ፓፓ።»

«በዚህ መንገድ ላይ?» ሳቁ። «ይሄ መንገድ እኮ ክብ ነው። ሠላሳ ዓመት ነዳሁበት፣ የትም አላደረሰኝም።»

እሷም ሳቀች፤ ሆዷ ግን አልሳቀም። ባሏ ቴሪ ባሕር ማዶ ብሪዝበን ከተማ ሄዶ መጋዘን ውስጥ ዕቃ መጫን ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ባለፈው እሑድ ስልክ ደውሎ፣ «ወይ ሱቁን ክፈችና እኔ ልምጣ፣ ወይ ልጆቹን ይዘሽ ነይ። እንዲህ ባሕር ለባሕር እየተያየን ልናረጅ ነው?» ብሏት ነበር። እውነቱን ነው። የታኩቫይኔ ሸለቆ ቤቷ አበባውን ያበቅላል እንጂ ገዢ አያበቅልም። ከዶሮና ከጎረቤት በቀር በደጇ የሚያልፍ የለም። ወደ መንገድ ካልወጣች አበባው ቤተሰብ አያኖርም፤ አበባው ካላኖራቸው ደግሞ ይህ ዓመት በራሮቶንጋ የመጨረሻቸው ነው።

ከጠዋት ጀምራ ሦስት ቦታ አይታለች። መጀመሪያ ወደቡ አጠገብ ወዳለው ገበያ ሄደች። ድንኳን የሚተክሉበትን ረድፍ አይታ ሳትጨርስ የአክስቷ ልጅ ከሩቅ ጠራቻት። «ከጎኔ ልትቀመጪ ነው? ነይ እንጂ! እስካሁን ብቻዬን ነው የማዛጋው፣ አሁን አብረን እናዛጋለን።» እዚያ ዘጠኝ ሴቶች ያንኑ አክሊል ይሸጣሉ፤ ሰባቱ ዘመዶቿ ናቸው። ከዚያ ባሕር ዳር ወዳለ አንድ ሆቴል ሄደች። ሥራ አስኪያጁ አክሊሉን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አገላበጠና፣ «የማይጠወልግ የለሽም?» ብሎ ጠየቃት። ምን ብላ እንደምትመልስለት ግራ ገብቷት አመስግናው ወጣች።

ሦስተኛው የአውሮፕላን ማረፊያው ደጃፍ ላይ ያለችው ጎጆ ናት። ጎጆዋን የሚያከራየው አካቴሬ የሚባል ጨዋ ሰው ነው። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጠብቅሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው አለኝ» አላት። ከዚያ የተሻለ ቦታ በደሴቲቱ ላይ የለም። የሚመጣም የሚሄድም አበባ ሳያጠልቅ አያልፍም። የሚጠይቅ የለም፣ የሚከራከር የለም። ትንሽ ልጅ እንኳ እዚያ ተቀምጣ መነገድ አያቅታትም።

ግን ዛሬ ጠዋት እዚያው ቆማ ሳለ አንድ ቤተሰብ ሻንጣውን ሲያስመዝን አየች። እናቲቱ አብራት የተማረች ናት። ባል፣ ሚስት፣ አራት ልጆች፤ በአንገታቸው ላይ የተደራረበው አበባ የትንሹን ልጅ አፍና አፍንጫ ሸፍኖት ዓይኑ ብቻ ይታይ ነበር። ቶኮሩዋ ወንድሟን በዚያ በር ሸኝታለች። ሁለት እህቶቿን ሸኝታለች። ቴሪንም አበባውን ራሷ ሰክታ፣ ራሷ አጥልቃለት ሸኝታዋለች። ዛሬ ደግሞ የዚህን ቤተሰብ አበባ በዓይኗ ቆጠረችና ሃያ ስድስት አገኘች፤ «ጥሩ ገበያ ነው» ስትል ራሷን ሰማችው። አፈረች። አንድ ቤት በተዘጋ ቁጥር የሷ ቀን ሊቀና ነው ማለት ነው።

አውቶቡሱ ከተማው አቫሩዋ ሲደርስ ማማ ቴፓኢሩ ከነዘንቢላቸው ተሳፈሩ። የእናቷ ታናሽ እህት ናቸው፤ አክሊሉን አብረዋት የሚሰኩትም እሳቸው ናቸው። አጠገቧ ተቀመጡና ካርቶኑን ከፍተው አዩ።

«አንድም አልሸጥሽም?»

«አልሸጥኩም፣ ማማ።»

ከኋላ ካሉት አሮጊቶች አንዷ አንገቷን አስግጋ «ውይ፣ ሲያምር!» አለች። አድንቆ ባዶ እጁን የሚቀር ሰው በዚህ አገር የለም። ቶኮሩዋ ዞር ብላ ሁለቱን ትልልቅ አክሊሎች አወጣችና በሁለቱ አሮጊቶች ራስ ላይ አደረገች። እነሱም አንድ ፓፓያ ጭኗ ላይ አስቀመጡላት።

«በቃ!» አሉ ፓፓ ንጋሪማ መሪውን እየመቱ። «ሱቁ ሳይከፈት ከሰረ!»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። ማማ ቴፓኢሩ ግን አልሳቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የአውሮፕላን ማረፊያውን ያዢ፣ ልጄ። የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥዪ» አሏት።

«ማማ፣ እዚያ የምሸጥላቸው ሰዎች ሁሉ ተመልሰው አይገዙኝም እኮ። ይሄዳሉ።»

«አንቺ ባትሸጪላቸው የሚቀሩ መስሎሻል?»

ቶኮሩዋ ካርቶኑን ከደነችና በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አውቶቡሱ ከአውሮፕላን ማረፊያው ፊት ለፊት ቆመ። በሩ ተከፈተ። አካቴሬ ጎጆዋ ጥላ ሥር ቆሞ ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክር ነበር፤ አያትና እጁን አነሳላት። ቶኮሩዋ ተነሳች። አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አደረገች። አስፋልቱ በሙቀት ይንቀጠቀጣል፤ ጎጆዋም፣ ሰውየውም፣ ከኋላቸው ያለው ነጭ አውሮፕላንም በሕልም እንደሚታይ ነገር ይወዛወዛሉ። ሦስት እርምጃ ብቻ ነበር የቀራት። ቴሪ በሚቀጥለው ወር መምጣት ይችላል። ልጆቹ በአባታቸው ድምፅ ይነቃሉ። ይህን ሁሉ አሰበች፤ እግሯ ግን አልወረደም።

«ትወርጃለሽ?» አሉ ፓፓ ንጋሪማ። አሁን የሚቀልዱ አይመስሉም ነበር።

«ይሂዱ፣ ፓፓ።»

«ወዴት?»

«የማይሄዱት ሰዎች በየቤታቸው ናቸው። እኔ አበባውን ይዤ በየደጃቸው ልለፍ።»

በሩ ተዘጋ። አካቴሬ ያነሳው እጅ ቀስ ብሎ ሲወርድ በኋላው መስታወት አየችው። ወዲያው ፍርሃት ያዛት፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ምን አደረግኩ? ለቴሪ ምን ልለው ነው? ሱቁ አውቶቡስ ሆነ ልበለው? ማማ ቴፓኢሩ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ። መቆጣታቸው ይሁን ማዘናቸው አልታወቀም። ፓፓ ንጋሪማ ግን ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል፣ «ዓሣ አደርሳለሁ። መድኃኒት አደርሳለሁ። ልጅ የረሳውን ምሳ ትምህርት ቤት ድረስ አደርሳለሁ። አበባማ ምን ክብደት አለው» አሉ።

አሮራንጊ መንደር ሲደርሱ ፀሐይዋ በኮኮናት ዛፎቹ መሃል ሾልካ መንገዱን ዥንጉርጉር አድርጋው ነበር። አንድ ሽማግሌ ከደጃቸው ወጥተው መንገዱ ዳር ቆመዋል። ከኋላቸው፣ በደሴቲቱ ልማድ ከቤቱ በረንዳ ፊት፣ በኖራ የተቀባ አዲስ መቃብር ይታያል። እጃቸውን አነሱ፤ አውቶቡሱ ቆመ። ሽማግሌው ግን አልተሳፈሩም። በመስኮቱ በኩል ወደ ቶኮሩዋ ቀና አሉ።

«ቅድም ስታልፉ ሸተተኝ» አሉ። «ከዚያ ጀምሮ ቆሜያለሁ።»

«ቅድም?» አለች ቶኮሩዋ። «አባቴ፣ አንድ ዙር ሙሉ እዚህ ቆሙ?»

«ታዲያ የት ልሂድ?» ትከሻቸውን ነቀነቁ። «ሚስቴ ነበረች የምትሰካው። እኔ መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት እንኳ አላውቅም። ገበያው ደግሞ ለዚህ እግሬ ሩቅ ነው።»

ቶኮሩዋ አክሊል መርጣ በመስኮቱ አቀበለቻቸው። እጇ ሌላም ሊጨምር ሲል ማማ ቴፓኢሩ ክርኗን ያዝ አደረጓት። ሽማግሌው ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ መዳፏ ላይ አኖሩና አበባውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መቃብሩ ዞሩ። ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ፤ አንድ ነገር የረሱ ይመስል ተመለሱ።

«ነገስ?» አሉ። «ነገ በስንት ሰዓት ነው የምታልፊው?»

ፓፓ ንጋሪማ ሞተሩን አጠፉ። ደሴቲቱን ከከበበው የኮራል አለት ወዲያ ማዕበሉ ሲሰበር ተሰማ። አክሊል ያደረጉት አሮጊቶች፣ ማማ ቴፓኢሩ፣ በመስታወቱ ውስጥ ያሉት የሾፌሩ ዓይኖች፣ ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

ቶኮሩዋ ሳንቲሞቹን ጨበጠች።

«ስንት ሰዓት ይመችዎታል?» አለች።

ሽማግሌው ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩና፣ «በዚሁ ሰዓት» አሉ።